እጅ ከፍንጅ ይዞ መረታት

እ.ኤ.አ. በ2016 «ፓንዳ» የተባለው የራፕ ዘፈን አሜሪካን አዳርሶ ነበር። ዴዛይነር የሚባለው ወጣት ድምፃዊ ግን ቃላቱን እያላመጠ ስለሚውጣቸው ምን እንደሚል ለይቶ መስማት ፈተና ነው። የኒው ዮርኩ የዘፈን ግጥም ድረ ገጽ «ጂኒየስ» ትክክለኛውን ግጥም ከራሱ ከድምፃዊው አግኝቶ አወጣ። ብዙም ሳይቆይ የድረ ገጹ ሰዎች የዘፈኑን ርዕስ ጉግል ላይ ሲፈልጉ ግጥሙን ከውጤቶቹ ሁሉ በላይ፣ በሳጥን ውስጥ ተዘርግቶ አገኙት። ፊደል ሳይዛነፍ የእነሱው ነበር።

ጠረጠሩ። በጥርጣሬ ብቻ ሰው ስለማይከሰስም ወጥመድ አጠመዱ። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከፊደላት ከፍ ብላ የምትንጠለጠል አፖስትሮፍ የምትባል ጭረት አለች። በኮምፒውተር ስትጻፍ ሁለት መልክ አላት፤ አንዷ ቀጥ ያለች፣ ሌላዋ ጎበጥ ያለች። አንባቢ ልዩነታቸውን ልብ አይልም። ጂኒየሶች በተመረጡ ግጥሞች ውስጥ ሁለቱን እያፈራረቁ በስሌት አስቀመጧቸው። ቀጥ ያለችውን ነጥብ፣ ጎባጣዋን ሰረዝ አድርጎ በሞርስ ኮድ ለሚያነብ ሰው ቅደም ተከተሉ በእንግሊዝኛ «እጅ ከፍንጅ» የሚል ቃል ይሰጣል። ከዚያም ቁጭ ብለው ጠበቁ። ምልክቱ ጉግል ሳጥን ውስጥ ብቅ አለ። ከመቶ በላይ ምሳሌ አግኝተናል አሉ።

ዎል ስትሪት ጆርናል ታሪኩን በ2019 አወጣው። ጉግል በበኩሉ ግጥሞቹን ፈቃድ ካላቸው አቅራቢዎች እንደሚያገኝ ገለጸ፤ ሊሪክፋይንድ የተባለው አቅራቢም ውንጀላውን አስተባበለ። ዓመቱ ሳይጠናቀቅ ጂኒየስ ሁለቱንም ከ50 ሚሊዮን ዶላር ያላነሰ ካሳ ጠይቆ ከሰሳቸው።

ተረታ። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት ክሱን በ2020 ውድቅ አደረገው። ይግባኝ ሰሚው በ2022 ውሳኔውን አጸና፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2023 ጉዳዩን አላይም አለ። ምክንያቱ አጭር ነው፤ ግጥሞቹ የጂኒየስ አይደሉም። የገጣሚዎቹና የአሳታሚዎቻቸው ናቸው። ጂኒየስ «የድረ ገጼን የአጠቃቀም ውል ጥሰዋል» ብሎ ቢከራከርም ፍርድ ቤቱ ይህ በስሙ የውል፣ በይዘቱ የቅጂ መብት ክስ ነው አለ። የቅጂ መብት ክስ ደግሞ የባለመብቱ ነው።

ይህን የሩቅ ሀገር ክርክር ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ጽሑፉ የተወሰደበት ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያደርገው ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጎ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ነው። «ይኸው፣ ቃል በቃል!» ይላል። ቃል በቃል መሆኑ ግን የሚመልሰው መገልበጡን ብቻ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ የራሱ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ያ ማስረጃ ደግሞ ከስርቆቱ በኋላ ሲያሰባስቡት አይገኝም።

ወደ ሀገራችን እንመለስ። ማታ ታክሲ ውስጥ ጆሮ ማዳመጫ ሰክተው ከሚሄዱት ብዙዎቹ ትረካ ያዳምጣሉ። ዩቲዩብ ላይ አንድ ልብ ወለድ ከሽፋን እስከ ሽፋን ተነብቦ፣ ጀርባው ላይ የክራር ዜማ ተደርጎለት፣ በየመሃሉ ማስታወቂያ እየገባበት ይቀርባል። ደራሲውን አስፈቅደውና ከፍለው የሚተርኩ አሉ፤ ሥራቸውም የሚደነቅ ነው። «ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሱ» ከማለት በቀር የደራሲውን ስም እንኳ ለመጥራት የሚሰስቱም አሉ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ወጥቶ ሽያጩ ሳይሟሟቅ ፒዲኤፉ ይለቀቃል። ገጾቹ በስልክ ካሜራ የተነሱ ናቸው፤ የያዛቸው ጣት ጥላ ጠርዙ ላይ ይታያል። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ «ቻናላችንን ይቀላቀሉ» የሚል ማኅተም አለ። የሌላውን ሥራ የወሰደው ሰው የራሱን ድካም ሌላ እንዳይወስድበት መጠንቀቁ ነው! ሁለተኛው ገጽ ላይ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚለው መስመርም አብሮ ተነስቷል።

የአጫጭር ጽሑፎች ዕጣ ከዚህ ይብሳል። አንድ ሰው ሌሊቱን ሲለፋበት ያደረው መጣጥፍ ሲነጋ ሦስት ገጽ ላይ ሰፍሮ፣ የጸሐፊው ስም ከግርጌው ተቆርጦ፣ በቦታው «ምንጭ፦ ፌስቡክ» ተብሎ ይገኛል። ፌስቡክ ምንም አይጽፍም፤ እንዲህ ያለ ምንጭ መጥቀስ ውኃውን ከባልዲ ቀዳሁት እንደማለት ነው።

ለምን ወሰድክ ሲባል የሚሰጠውን ምላሽ ሁላችንም ሰምተነዋል። «ኢንተርኔት ላይ ያለ የሁሉም ነው።» «አስተዋወቅንህ እንጂ ምን ጎዳንህ?» ይህ የእኛ ሀገር አመል ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ አንዲት የጥንት ምግቦችን ታሪክ የምትጽፍ ሴት «ኩክስ ሶርስ» በሚባል አነስተኛ መጽሔት ላይ ስለወጣው ጽሑፏ ከወዳጇ ጥያቄ ቀረበላት። እሷ ለመጽሔቱ ምንም አልሰጠችም ነበር። ስለ ጥንታዊ የፖም ኬክ አሠራር በ2005 ድረ ገጽ ላይ ያወጣችው ጽሑፍ ሳትጠየቅ ታትሞ ነው። ለራሷ ገንዘብ አልጠየቀችም፤ ይቅርታ እንዲጠየቅና 130 ዶላር ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት እንዲሰጥላት ብቻ ጻፈች። የአዘጋጇ ምላሽ ግን ዓይን አውጣ ነበር። ድረ ገጽ ላይ ያለ ነገር የሕዝብ ንብረት እንደሆነ፣ እንዲያውም ጽሑፉን አርመው ስላሻሻሉላት ልታመሰግን እንደሚገባ ገለጸችላት።

ጸሐፊዋ ደብዳቤውን ይፋ አደረገችው። በጥቂት ቀናት ውስጥ የመጽሔቱ የፌስቡክ ገጽ በቁጣ ተጥለቀለቀ። አንባቢዎች የቆዩ እትሞችን እያገላበጡ ከሌሎች ድረ ገጾችና ጸሐፊዎች የተወሰዱ በርካታ ጽሑፎችን አወጡ፤ ማስታወቂያ የሚሰጡ ሱቆችም ሸሹ። ወሩ ሳያልቅ መጽሔቱ ተዘጋ። ጂኒየስ ጠበቃ አቁሞ ያላገኘውን ይህች ሴት ያለ ፍርድ ቤት አገኘችው። ልዩነታቸው የገንዘብ አቅም አይደለም። ጽሑፉ የራሷ ነው፤ ቀኑ ተጽፏል፤ ስሟ አብሮት አለ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የድርሰት ባለቤትነት በሕግ ሲታወቅ ዘመናት ተቆጥረዋል። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1647 ጀምሮ የሥነ ጽሑፍና የኪነ ጥበብ ባለቤትነት ራሱን የቻለ ቦታ ነበረው። ዛሬ የምንሠራበት የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ግን ካሴት ቅጂ ድምፃውያንን ባስመረረበት፣ ሙዚቀኞች በአደባባይ በጮኹበት ዘመን ነው። በ2007 ዓ.ም. ማሻሻያ ተደርጎበታል። አዋጁ ሲረቀቅ የባለሙያው ሁሉ ራስ ምታት ካሴትና ሲዲ ነበር፤ የስልክ ቴሌግራም አልነበረም። ይህ ጠባሳ እስካሁን አለበት።

የአዋጁ መሠረት ግን ጥሩ ነው። አንድ ሥራ ወጥ ከሆነና በጽሑፍም ሆነ በሌላ መንገድ ግዙፍነት ካገኘ ያለ ምንም ምዝገባ ከተፈጠረበት ጊዜ ጀምሮ ይጠበቃል። ጥበቃው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ነው። የማይጠበቀው ሐሳቡና መረጃው ነው። የኑሮ ውድነት ላይ ሌላው መጻፉን አይቶ «ርዕሴን ወሰደብኝ» የሚል ጸሐፊ ሕግ አይደግፈውም፤ የሱ የሚሆነው አገላለጹ፣ አደራደሩ፣ ቃሉ ነው። አንቀጽ ቆርጦ፣ ከማን እንደሆነ ጠቅሶ መተቸትም ይፈቀዳል። «ሙሉውን ለጥፌ ስሙን ጠቅሻለሁ» ግን ጥቅስ አይባልም። ስም መጥራት ፈቃድ አይሆንም፤ ብዙ ቅን ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሁለት አንቀጾች በተለይ ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው ፎቶግራፍን ይመለከታል። ፎቶ ጥበቃ የሚያገኘው የስብስብ አካል ሲሆን፣ በመጽሐፍ ሲታተም ወይም የአንሺውን ወይም የወኪሉን ፊርማ ወይም አድራሻ ሲይዝ ነው። ጥበቃውም ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። ስለዚህ ፎቶው ላይ ስሙን ማተም የሚያፍር ፎቶ አንሺ፣ «ውበቱን ያበላሽብኛል» ብሎ መብቱን ሜዳ ላይ ይተዋል። ሁለተኛው የተቀጣሪን ሥራ ይመለከታል። ሰው ተቀጥሮ ወይም በውል ታዝዞ የሠራው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። ለጋዜጣ በደመወዝ ሲጽፍ የኖረ ጋዜጠኛ የቀድሞ ጽሑፎቹ ተሰረቁ ብሎ ሲነሳ «ባለቤቱ አንተ ነህ ወይ?» ተብሎ ይጠየቃል። የጂኒየስ ጣጣ በሌላ መልክ መጣ ማለት ነው። ከአሳታሚ ጋር የሚፈረም ውልም እንዲሁ ነው። የወረቀቱን ኅትመት የሸጠ ደራሲ ድምፁንና ዲጂታሉን አብሮ ሸጧል ወይስ አልሸጠም? ውሉ ካልተናገረ ለትረካ ሌባው ጥሩ መሸሸጊያ ይሆነዋል።

ቅጣቱ ከባድ ነው። ሆን ብሎ መብት የጣሰ ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት፣ በከባድ ቸልተኝነት የጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይጠብቀዋል። በፍትሐ ብሔር በኩል ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ100 ሺህ ብር ማነስ የለበትም። በወረቀት ሲያዩት ያስፈራል። እኔን ግን ይህ ክብደት ራሱ የሕጉ ድክመት ይመስለኛል። አንድ መጣጥፉ የተለጠፈበት ጸሐፊ የሚፈልገው ገጹ ዛሬ ማታ እንዲወርድለት ነው፤ አንድን የሃያ ዓመት የቻናል ባለቤት ለአምስት ዓመት ማሳሰር የሚሻ ጥቂት ነው። አዋጁ በትልቁ መዶሻ ይዝታል እንጂ ለትንሿ ሚስማር መሣሪያ የለውም። ድረ ገጽ አስተናጋጅ ወይም መድረክ ማሳወቂያ ሲደርሰው በስንት ቀን ማውረድ እንዳለበት የሚናገር አንቀጽ አታገኙበትም።

ስለዚህ አማርኛ ጸሐፊ የሚያንኳኳው በር በተግባር አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ዘመን የቅጂ መብት ሕግ፣ በአጭሩ ዲኤምሲኤ የሚባለው፣ ለጉግል፣ ለዩቲዩብ፣ ለፌስቡክና ለድረ ገጽ አስተናጋጆች አንድ ውል አቅርቦላቸዋል፤ ደንበኞቻችሁ በሚለጥፉት አትጠየቁም፣ ነገር ግን ባለመብት ሲያመለክት ቶሎ አውርዱ ይላል። ለዚህ ነው ፍርድ ቤት ያልደረሰ ሰው በአንድ ኢሜይል ገጽ ሊያስወርድ የሚችለው። ማመልከቻው ስሜት አይፈልግም። የትኛው ሥራህ ነው፣ የተሰረቀው ቅጂ ትክክለኛ አድራሻ የት ነው፣ አንተ ማን ነህ፣ በምን ትገኛለህ የሚሉትን ይመልሳል። ከዚያም ያለ ፈቃድ መወሰዱን በቅን ልቦና እንደሚያምን፣ የጻፈው እውነት መሆኑንና በሐሰት ምስክርነት የሚያስጠይቅ መሆኑን አውቆ ባለመብት ወይም ወኪሉ መሆኑን አረጋግጦ ይፈርማል። «ሌባው እከሌ የሚባል ባለጌ» ማለት ቦታ የለውም። አቤቱታ የሚዘገየው በዋናው ገጽ አድራሻ ብቻ ሲላክ ነው፤ የእያንዳንዱ ልጥፍ ሊንክ መቀመጥ አለበት።

ድረ ገጹ ማን ዘንድ እንደተቀመጠ ለማወቅ መነሻ የሚሆን የዶሜይን ምዝገባ መረጃ የሚያሳዩ አገልግሎቶች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በአውሮፓ የግል መረጃ ሕግ ምክንያት የባለቤቶች ስም በአብዛኛው ተሸፍኗል፤ የመዝጋቢው ድርጅት ስም ግን ይታያል። አስተናጋጁ እምቢ ቢል ጉግል ፍለጋው ውስጥ እንዳይታይ ማመልከት ይቻላል። ማስታወቂያ ካለበት ማስታወቂያውን ለሚያቀርበው ድርጅት ማሳወቅ ደግሞ ከሁሉ የሚያም ቦታ ነው፤ ገቢው ሲቆም ስርቆቱ ትርጉም ያጣል።

ዩቲዩብ ላይ የተረጋገጠ አቤቱታ ለቻናሉ «ስትራይክ» ይሆናል። በ90 ቀን ውስጥ ሦስት የደረሰበት ቻናል ይዘጋል። የተከሰሰው ሰው መልስ ከሰጠና አመልካቹ ፍርድ ቤት መክሰሱን በጊዜው ካላሳየ ግን ቪዲዮው ይመለሳል። ኮንተንት አይዲ የሚባለው ቅጂን በራሱ የሚለይ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2007 ቢጀመርም ለትልልቅ ባለመብቶች የተሠራ ነው፤ አንድ ደራሲ በግሉ አያገኘውም። ቴሌግራም የሕዝብ በሆኑ ቻናሎችና ቦቶች ላይ ለሚቀርብ አቤቱታ አድራሻ አለው፤ የግል ቡድን ውስጥ ለሚዘዋወር ፋይል ግን ለብዙ ዓመታት እጁን አያስገባም ነበር። በአቤቱታ የተዘጋ ቻናልም በሌላ ስም መመለሱ የተለመደ ነው። ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም፤ ግን ቴሌግራም ላይ ድል በአንድ ቀን አይገኝም።

ከጸሐፊዎቻችን ብዙዎቹ የማያውቁት ነገር ቢኖር በዚሁ በአሜሪካው በር ላይ ያለው እንቅፋት ነው። ሀገሮች አንዳቸው የሌላውን ደራሲ የሚጠብቁበት ዋናው ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1886 በርን ላይ የተፈረመው ነው። አዋጅ 410 ሲወጣ ኢትዮጵያ አባል አልነበረችም፤ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮም የሀገሮችን ግንኙነት በሚዘረዝርበት ሰነድ ኢትዮጵያን ለብዙ ዓመታት ምንም ስምምነት ከሌላቸው ጥቂት ሀገሮች ተርታ ሲያስቀምጣት ኖሯል። ውጤቱ እንዲህ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ በአማርኛ የጻፈው፣ ኑሮው አሜሪካ ስለሆነ ብቻ፣ በአሜሪካ ሕግ ይጠበቃል። ቦሌ ተቀምጦ እዚሁ ያሳተመው ግን ክርክሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ መብቱ አጠያያቂ ይሆናል። መድረኮቹ ማመልከቻ ሲቀበሉ ይህን ያህል አይመረምሩም፤ ከሳሽና ተከሳሽ ሲፋጠጡ ነው የሚታየው። መፍትሔ የሚሆነው ያው ሕግ ራሱ የተወው ቀዳዳ ነው፤ ሥራው ለመጀመሪያ ጊዜ በወጣ በ30 ቀን ውስጥ የስምምነቱ አባል በሆነ ሀገርም ከታተመ እዚያ እንደታተመ ይቆጠራል። ለመጽሐፍ ደራሲ ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

አሜሪካ ያሉ ጸሐፊዎች ደግሞ ምዝገባን ቸል ባይሉ ይበጃል። እዚያም መብቱ ያለ ምዝገባ ይወለዳል፤ የአሜሪካ ሥራ ከሆነ ግን ሳይመዘገብ ክስ እንደማይከፈት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ቁርጡን ተናግሯል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮም እስከ 30 ሺህ ዶላር ድረስ ያለውን ክርክር ያለ ጠበቃ የሚያይ የቅጂ መብት አቤቱታ ቦርድ ሥራ ላይ ነው፤ ተከሳሹ አልዳኝም ብሎ የመውጣት መብት አለው እንጂ ለአነስተኛ ጸሐፊ ጥሩ መንገድ ነው።

ይህ ሁሉ መሣሪያ ለሌባውም ክፍት ነው። የአብዬን ወደ እምዬ የሚሉት ዓይነት ነገር አለ፤ ስማቸውን የሚያጠለሽ ዘገባ እንዲጠፋ የሚፈልጉ ሰዎች የጋዜጠኛውን ጽሑፍ አዲስ ድረ ገጽ ላይ ይገለብጡና ቀኑን ወደ ኋላ ይመልሱታል። ከዚያ «እኛን ሰርቆ ነው» ብለው ለጉግል ያመለክታሉ። ጉግል የሚደርሱትን ማመልከቻዎች ለሕዝብ በሚያኖረው «ሉመን» የተባለ የሃርቫርድ መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያሉ ሐሰተኛ አቤቱታዎች በብዛት ተገኝተዋል። እንዲህ ባለ ቀን እውነተኛው ጸሐፊ የሚድነው ቀኑን ሌላ ሰው ሲመሰክርለት ነው።

ስለዚህ ጽሑፍ በወጣ ዕለት ኢንተርኔት አርካይቭ ላይ ማስቀመጥ ልማድ ይሁን። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ድረ ገጾችን የሚያኖረው ይህ ድርጅት ገጹን ከነቀኑ ይይዛል፤ ክፍያም የለውም። ረቂቆች ከነቀናቸው ይቀመጡ፤ ወደ ራስ ኢሜይል መላክም አንድ ዘዴ ነው። ለመጽሐፍ፣ ለፊልም፣ ለረጅም ሥራ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለስልጣን ዘንድ ማስመዝገብ ግዴታ ባይሆንም ክርክር ሲመጣ ይጠቅማል። የቀኝ ክሊክን መከልከል፣ ጽሑፉ እንዳይመረጥ ማድረግ የመሳሰለው ግን ጊዜ ማባከን ነው፤ አንባቢን ያስቸግራል፣ ሌባን አያቆምም።

ለመፈለግ ደግሞ የእኛ ፊደል ራሱ ይረዳናል። ሞክሼ ሆሄያት ስላሉን «ዓለም»፣ «ሠራ»፣ «ፀሐይ» የሚሉትን አንዱ ጸሐፊ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይጽፋቸዋል። ኮፒ ፔስት የሚያደርግ ሰው የሰውየውን የፊደል ምርጫ ከነግድፈቱ ይወስዳል። ከጽሑፉ መሃል እንዲህ ያለ አንድ ዓረፍተ ነገር በትእምርተ ጥቅስ አድርጎ ጉግል ላይ ማስገባት በቂ ነው። ጂኒየስ በሞርስ ኮድ የደከመበትን እኛ በአጻጻፍ ልማዳችን እናገኘዋለን። የተገኘውንም ሌባውን ከማናገር በፊት ስክሪንሾት አንስቶ፣ አርካይቭ ላይ አስቀምጦ፣ ሊንኩን መዝግቦ መያዝ ነው። ብዙ ሰው በንዴት መጀመሪያ ፌስቡክ ላይ ይጮሃል፤ ያኔ ገጹ ይሰረዝና የቀረው ጩኸቱ ብቻ ይሆናል። ማስረጃው ከተያዘ በኋላ በጨዋነት መጻፍ አይከፋም። ሳያውቅ የወሰደ ይኖራል፤ ይቅርታ ጠይቆ የሚያወርድም ጥቂት አይደለም።

ለሕግ አውጪው የምለው አንድ ነገር ነው። አዋጅ 410 ዳግም ሲነሳ የእስራት ዓመት መጨመሩ ይቅርና፣ ማሳወቂያ የደረሰው አስተናጋጅና መድረክ በስንት ቀን እንደሚያወርድ፣ የተከሰሰው ሰው እንዴት እንደሚመልስ፣ በሐሰት ያመለከተ ምን እንደሚገጥመው የሚደነግግ ምዕራፍ ይግባበት። ቻናልና ገጽ ለምታስተዳድሩ ደግሞ፦ የወደዳችሁትን ጽሑፍ ሁለት አንቀጽ ቆርጣችሁ ከጸሐፊው ስም ጋር አቅርቡ፣ ቀሪውን በሊንክ ላኩ። መጽሐፍ ከሆነም ፒዲኤፉን ትታችሁ የሚሸጥበትን መደብር ጠቁሙ።